ጋሽ ኢብራሂምና የአንኮበር ቁልቁለት ዊንች

የጋሽ ኢብራሂምን ሞት የሰማሁት ጫጫ ከተማ ላይ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጬ ስጠብቅ ከፊቴ ያሉ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ የአልዩ አምባ ሟች ያወራሉ። "ያ መካኒኩ" ይላል አንዱ። "ያ ነጭ ሸሚዝ ለባሹ" ይላል ሌላው። በሰሜን ሸዋ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሞተር የሚፈታ ሰው ከአንድ በላይ ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ስሙን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ትከሻቸውን ነክቼ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋቸው።

"ትናንት ጠዋት አረፈ፣ ከሰዓት ቀበርነው። አላህ ይማረው" አሉኝ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ወረድኩ። ረዳቱ ተቆጣኝ፤ ቢቆጣም አልፈርድበትም። ቀብሩ ካመለጠኝ ቢያንስ ቆሜ ላስበው ፈለግሁ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። እኔ ሾፌር ነበርኩ፣ እሱ የጋራዡ ኃላፊ። ሰው ሲሞት "ትሁት ነበር" ማለት የተለመደ ነው፤ ስለ ጋሽ ኢብራሂም እንዲህ የሚል ካለ ግን ሰውየውን አያውቀውም። ድሬዳዋ የተማረ፣ መማሩንም በየቀኑ የሚያስታውሰን ሰው ነበር። ከቱታው ሥር ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ከላይ ኪሱ ማበጠሪያ አይጠፋም፣ ሥራ ሲጨርስ መጀመሪያ ፀጉሩን ያበጥርና ከዚያ እጁን ይታጠባል። "ከእኔ የተሻለ መካኒክ ካለ አምጡልኝ፣ ጉልበቱን ስሜ አገሬ እገባለሁ" ይል ነበር። አላመጣንለትም፤ ከየት እናምጣ?

አንድ ነገር ብቻ ያሸንፈው ነበር፣ ብርዱ። የቆላው የአልዩ አምባ ልጅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት መሬቱ በውርጭ ነጭቶ ሲያገኘው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ይመጣና፣ "ይህን አገር ፈጣሪ ለበግ ነው የፈጠረው፤ እናንተ ምን ልትሠሩ መጣችሁበት?" ይለናል። እኛ ደግሞ ቀትር ላይ ጋቢውን ሲያወልቅ ጠብቀን፣ "ጋሼ፣ ደህና አደርክ?" እንለዋለን።

ስለ ሥራ አመራሩ ሳልናገር ባልፍ ግን የዚህ ሰው ነገር አይገባም። ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ ነበር። እያንዳንዱ ሰው እየተነሳ በሕዝብ ፊት ጥፋቱን ይናገራል፣ ሌላው ደግሞ የረሳውን ይጨምርለታል። ሁላችንም ብልጥ ሆነን ነበር፤ "አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ" እንልና እንቀመጣለን። ከዚያ በላይ የተናገረ ሰው ጉዱ ነው፤ ነገሩ "አሻጥር" የሚል ስም ከወጣለት ማን እንደሚያወጣው አይታወቅም። ጋሽ ኢብራሂም ግን ይህን ስብሰባ ወስዶ ጋራዥ ውስጥ የሥራ መሣሪያ አደረገው። አንድ መኪና እምቢ ሲል ቡሎን ከመፈታቱ በፊት የነካነውን ሁሉ በመኪናው ዙሪያ ያቆመናል። ከዚያ እጁን ያነሳና፣ "ከእኔ ልጀምር" ይላል።

መጀመሪያ ስንሰማው ቀልድ መስሎን ስቀን ነበር። እሱ አልሳቀም።

ዊንቹ የመጣ ጊዜ የዚህን ስብሰባ ጥቅም በደንብ አየሁት። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ መንገድ ተብሎ ይጠራል እንጂ የገደል ጠርዝ ነው። ዘር የጫነ መኪና በወረደ ቁጥር አንዱ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ ለላንድሮቨራችን የሚገጠም የሃይድሮሊክ ዊንች፣ የተቀረቀረ መኪና ካቦ በሚባል የብረት ገመድ የሚጎትት ማሽን፣ በእርዳታ ተላከልን፤ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ። ጋሽ ኢብራሂም ሣጥኑን ራሱ ከፈተና እያንዳንዱን ዕቃ በጨርቅ እየወለወለ ሸራ ላይ ደረደረው። ከዚያ አስተማረን። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን በግፊት በቱቦ ይልካል፣ ዘይቱ ደግሞ ካቦው የሚጠመጠምበትን ከበሮ ያዞራል። "ጉልበቱ ያለው ብረቱ ላይ አይደለም፣ ዘይቱ ላይ ነው" አለን። ለዊንቹ ማረፊያ የሚሆን ወፍራም ብረት ከፓራውልቱ ኋላ አስበየደ፣ ቱቦዎቹን ዘረጋ፣ ነጩን ሸሚዝ ሳያቆሽሽ ጨረሰ። ይህን የቻለበትን ዘዴ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

በግቢው ውስጥ ስንሞክረው እጀታውን ወደ "ሳብ" ሲገፋው ካቦው መፈታት ጀመረ። ወደ "ልቀቅ" ሲመልሰው ይጠቀለላል። ካድሬው ጓድ መርዕድ ቆሞ ያያል። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ጋሽ ኢብራሂም አሰባሰበንና እጁን አነሳ።

"ከእኔ ልጀምር። ትናንት የዘይቱን ታንከር ክዳን ሳልዘጋ ሄጃለሁ፤ አቧራ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥል።"

እኔ ሞተሩን ሳላሞቅ እንዳስነሳሁ ተናገርኩ። ከዚያ በያጁ ለማ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ብረቱን ስበይድ ቱቦዎቹ እንዳይቃጠሉብኝ ፈትቼያቸው ነበር። ስመልሳቸው… የቱ ከየት እንደነበረ እንጃ።"

"በቃ!" አለ ጋሽ ኢብራሂም እያጨበጨበ። ሁለቱን ቱቦዎች አቀያየራቸው፣ ዊንቹ ሳብ ሲሉት ሳበ። በያጁን አልተቆጣውም። ያ ሰው እንዲናገር ያስቻለው የታንከሩ ክዳን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ትልቁ ሰውዬ ትንሽ ጥፋቱን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሌላው የራሱን አጠገቡ ለማስቀመጥ አይፈራም።

ብርዱ ግን ለዊንቹም አልተመቸውም። ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ይወፍርና ፓምፑ ያቃስታል፣ ከበሮው በቀስታ ይንፏቀቃል። ፀሐይ ሲወጣ ይሻለዋል። ይህ ባልከፋ፤ ጓድ መርዕድ ግን ዊንቹ በአብዮት በዓል ጠዋት በአደባባይ የጭነት መኪና ሲስብ ለሕዝብ እንዲታይ ወሰነ። ጋሽ ኢብራሂም በዓሉ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረውም። በበዓሉ ጠዋት ግን ዊንቹ ያለ አንዳች ማቃሰት ያን ጎማው የታሰረ የጭነት መኪና እየጎተተ አመጣው። ደብረ ብርሃን አጨበጨበች። ጋሽ ኢብራሂም ማበጠሪያውን አውጥቶ ፀጉሩን አበጠረ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ምን እንዳደረገው ብንጠይቀው፣ "የሙያ ነገር ነው" ብሎ ዘጋን።

ወራት አለፉ፣ ደረቁ በጋ መጣ። ዊንቹን የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ መንገዱ ደረቅ ነው። ከክረምቱ መግቢያ በፊት ለቆላው ገበሬ የማሽላ ዘር የጫነ መኪና ከአንኮበር በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ጠርዙ ተናደበት። የፊት ጎማዎቹ ገደል ላይ ተንጠልጥለው፣ ኋላው መንገድ ላይ ቀረ። ካለፈው ዓመት ድርቅ በኋላ ቆላ ውስጥ ለዘር የተረፈ ማሽላ አልነበረም፤ ያ ዘር ካልደረሰ የሚዘራ የለም። ጋሽ ኢብራሂም፣ እኔና ጓድ መርዕድ በሁለት መኪና ወረድን። ስንደርስ ቀትር ነው፤ ድንጋዩ ያቃጥላል።

የአካባቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠብቀናል። ላንድሮቨሩን ከኋላ ከፍ ብሎ አቆምኩ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍን፣ ካቦውን አሰርን። መኪናው ሲነቃነቅ መሪ የሚይዝ ያስፈልግ ስለነበር የጭነት መኪናው ሾፌር ጋቢና ውስጥ ገባ። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ኢብራሂም እጀታውን ሊይዝ ሲል ሰዉ በሙሉ መጥቶ ካቦውን በእጁ ያዘ።

እዚያ አገር የወደቀ ነገር ሲነሳ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ቤት ሲሠራም፣ በሬ ገደል ሲገባም እጁን ያላሳረፈ ሰው የለም። የተወጠረ ካቦ ቢበጠስ ሰው ለሁለት እንደሚቆርጥ ብንነግራቸውም የሚሰማን ጠፋ።

"ሰው ሲለፋ እኛ ቆመን ልናይ ነው? ወላሂ አናደርገውም!" አሉ ሼህ ሰይድ የሚባሉ አዛውንት። "ለልጆቻችን የመጣ ዘር ነው፣ እጃችን ይረፍበት!"

ጋሽ ኢብራሂም አልጮኸባቸውም። ከመኪናው ወፍራም ገመድ አወጣ፣ አንዱን ጫፍ ከጭነት መኪናው ኋላ አሰረው፣ ገመዱን ከመንገዱ በላይ ባለ የወይራ ግንድ ላይ ጠመጠመና ሌላውን ጫፍ ለሼሁ አስጨበጣቸው።

"ሼሁ፣ ካቦው የማሽኑ ነው፣ ገመዱ የእናንተ። መኪናው ከማሽኑ ቢያመልጥ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። እኔ ስስብ የላላውን ገመድ እየሰበሰባችሁ አጥብቁ።"

ደስ ብሏቸው ሄዱ። ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ "ከካቦው ይራቁልኝ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም" አለኝ።

ሞተሩን አጮህኩ። ካቦው ተወጠረ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ አንዱ የፊት ጎማ ጠርዙን ነካ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ግን እየደከመ እየደከመ ቆመ፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። ጋሽ ኢብራሂም እጀታውን ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ። ምንም።

"ያዙ!" ብሎ ጮኸ። "ሼሁ፣ ያዙ! አንተ፣ ውረድ! ውረድ!"

የመኪናው ክብደት ገመዱ ላይ ወረደ። ሰዎቹ ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ተክለው ወደ ኋላ ተንጋለሉ። አንዱ "ያ አላህ!" ይላል፣ ሌላው "እመብርሃን!" ይላል። ገመዱ ከወይራው ልጥ ላይ ጭስ እያወጣ ትንሽ ትንሽ እያመለጠ፣ ሾፌሩ ከጋቢናው ዘሎ መንገዱ ላይ በደረቱ ወደቀ። "ልቀቁ!" አለ ጋሽ ኢብራሂም፤ ለቀቁ። መኪናው ሄደ። እስከ ታች ሲደርስ ድምፁን ሰማነው።

ሰው አልሞተም። ዘሩ ግን ገደሉ ሙሉ ተበትኖ ቀረ።

ጋሽ ኢብራሂም የዘይቱን ታንከር ከፈተ፣ ጣቱን ነክሮ አሸተተው። ጣቱን እንዳነሳ ቆሞ ቀረ። ጓድ መርዕድም መጥቶ አሸተተ፣ ከዘይቱ በጠርሙስ ቀዳ። "ይህ ነጭ ጋዝ አለበት" አለ። "ጥሩውን ዘይት ሸጠው በነጭ ጋዝ ሞልተውታል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ማን ጋ እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ጓድ፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ…" አለ ጋሽ ኢብራሂም። የጓድ መርዕድ መኪና በር ተዘጋ፣ አቧራው ብቻ ቀረ። በላንድሮቨሩ እንዳንከተለው ጋሽ ኢብራሂም ፓምፑን በዚያ ዘይት ማስኬድ አልፈለገም፤ ሕዝቡም ዘሩን ለመልቀም ገደል መውረድ ጀምሮ ነበር። ፓምፑን ከሞተሩ ካላቀቀ በኋላ ወርዶ ከገበሬዎቹ ጋር ማሽላ ለቀመ፣ ጆንያ ተሸክሞ ወጣ። ነጩ ሸሚዙ ጠቆረ። ከዘሩ ብዙው ተርፎ ለገበሬው ከተከፋፈለ በኋላ ነው ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስነው።

የግቢው ጥበቃ በሩን እየከፈተልን፣ "ጥሩነሽን አሰሯት" አለን። "አሁን አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ እየመከረባት ነው።"

ጥሩነሽ የመጋዘን ሠራተኛችን ነበረች፤ አንኮበር የሚያገለግሉ የአንድ ቄስ ልጅ። ባሏ ዘምቶ ሰሜን ነው ያለው፤ ሁለት ሕፃናት ይዛ ትኖራለች። በዚያ ዘመን ለሕዝብ የተላከ ዘር ገደል የከተተ አሻጥረኛ ተብሎ የተያዘ ሰው እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ኢብራሂም ከመኪናው ወርዶ ወደ አዳራሹ ሄደ፤ እጁን አልታጠበም፣ ፀጉሩንም አላበጠረም።

ጥሩነሽ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆማለች። ልቅሶዋን ጨርሳ መሬት ታያለች። አንዱ ተነስቶ "አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድባት" ብሎ መቀመጡ ነው። ጋሽ ኢብራሂም መሀል መተላለፊያው ላይ ቆሞ እጁን አነሳ።

"ከእኔ ልጀምር" አለ።

ጋራዥ የምንሠራ ሰዎች እርስ በርስ ተያየን።

"ነጭ ጋዙን ዘይቱ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። በበዓሉ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ። ዘይቱ በብርዱ ወፍሮ ስለሚያቃስት አቀጠንኩት። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ የተስማማ ዘይት አልዩ አምባ ቀትር ላይ እንደ ውሃ ይቀጥናል፤ ፓምፑ ግፊት መያዝ አይችልም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ተወልጄ ያደግሁበት ሙቀት ነው። ከበዓሉ በኋላ ልለውጠው አስቤ ነበር። ጭብጨባው ጣፈጠኝና ረሳሁት።"

ጓድ መርዕድ ወደ እሱ ቀረበ። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ጋሽ ኢብራሂምን ይወደው ነበር። "ጓድ ኢብራሂም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለእሷ አዝነህ እንደሆነ ተቀመጥ። ነጭ ጋዝ ከመጋዘን ውጪ ከየት ታመጣለህ? ማስረጃ አለህ?"

እንግዲህ ሰውየው ጥፋተኛ መሆኑን ተከራክሮ ማስረዳት ሆነበት።

"ከቤቴ ምድጃ ነው የቀዳሁት። ባለቤቴን ዘይነባን ጠይቋት። የበዓሉ ዕለት ነጭ ጋዝ አልቆባት ቁርስ ሳትሠራልኝ ነው የወጣሁት፤ እስከ ማታ ስትረግመኝ ዋለች።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዘይነባ ተጠርታ መጣች፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይነግሯት ጠየቋት፤ ምስኪን፣ ባሏን የምታሳስር መሆኗን ሳታውቅ እርግማኑን ሁሉ እንደገና ደገመችው። ጥሩነሽ በዚያው ቀን ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ጋሽ ኢብራሂም በሁለቱ ጠባቂዎች መካከል ወጣ።

ሳይገድሉት መቅረታቸው ተአምር ነው እላለሁ፤ ምናልባት ጓድ መርዕድ አንድ ቃል ተናግሮለት ይሆናል። ክረምቱ ወጥቶ ሌላው ክረምት እስኪገባ ታሠረ። ምግቡን አንድ ቀን ዘይነባ፣ አንድ ቀን ጥሩነሽ ያመላልሱለት ነበር። ጥሩነሽ አዲስ ድስት ገዛች፤ የክርስቲያን ሥጋ ያልነካው። ሥጋውን ከእስላም ሉካንዳ አስመጥታ በዚያ ድስት ትሠራለታለች። የቄስ ልጅ ናትና ወጡን መቅመስ አትችልም፤ ስለዚህ ጨዉ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። እሱ ደግሞ ከእስር ቤት ሆኖ በጠባቂ በኩል፣ "በሏት፣ ዛሬም ጨው በዝቷል!" እያለ ይልክባታል። ሰሃኑ ግን ተጠርጎ ነው የሚመለሰው።

ዊንቹንም ከዚያው ሆኖ አሳከመው። እኔ ልጠይቀው ስሄድ ስለ ራሱ አያወራኝም፤ ታንከሩን እንዴት እንደምናጥበው፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ዘይት እንዴት እንደምናወጣው፣ አየር እንዳይገባበት እጀታውን በባዶ እያመላለስን እንዴት እንደምንሞላው ነው የሚነግረኝ። "ጠዋት ቢያቃስት ያቃስት" አለኝ። "ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቁት።" እንዳለው አደረግን፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ስንት መኪና እንዳወጣን እኔ ነኝ የማውቀው።

የተፈታ ቀን እኔና ጥሩነሽ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ዘይነባ ቤት ውስጥ ሽር ጉድ ትላለች። ሲወጣ ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። ጥሩነሽ ሮጣ ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች፤ ቢያነሳት አትነሳም፣ ጮኻ ታለቅሳለች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጋሽ ኢብራሂም ተናደደ።

"ተነሺ! ተነሺ እንጂ አንቺ ልጅ! ምን ሆንሽ? እኔ ላንቺ ብዬ አልተናገርኩም፣ ያን ቀን አንቺ መሆንሽንም አላሰብኩም። የተናገርኩት ስለ ዘይቱ ነው። ስለ ዘይቱ ብቻ!"

ጥሩነሽ ቀና ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለችው። "ስለ ዘይቱ የሚያውቀው ግን አንተ ብቻ ነበርክ።"